ኢንተርኔት በሌለበት ቀንም የሚሠራ ኪውአር ኮድ በቢዝነስ ካርድ ላይ ማውጣት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማር ነጋዴ ከዳንግላ ድረስ መጥተው ካርዳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይህ ያሠራህልኝ ነገር አይሠራም» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ኮዱን ስካን አደረግሁት። የእርሳቸው ስምና ስልክ መውጣት ሲገባው አንድ የውጭ አገር ድረ ገጽ ተከፈተ፤ የሙከራ ጊዜው ማብቃቱንና ኮዱን መልሶ ለማሠራት በዶላር መክፈል እንደሚያስፈልግ ይናገራል። 500 ካርድ ታትሟል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ባሉ ደንበኞች እጅ ገብቷል። ኮዱን በነጻ ይሠራል ከተባለ ድረ ገጽ ያወጣሁት እኔ ስለነበርሁ ካርዱን በራሴ ወጪ ደግሜ አሳተምሁላቸው። የተበተነውን ግን ማን ይሰበስበዋል?

ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ወደሚገኘው ማተሚያ ቤታችን ካርድ ሊያሠራ ለሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፦ ስልክ ቁጥርዎ ኮዱ ውስጥ ራሱ ይግባ፤ በማያውቁት ሰው ኮምፒውተር ላይ አይቀመጥ። በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ መቋረጡ ለብዙ ወራት ሲዘልቅ የዚህ ምክር ዋጋ ይበልጥ ታየኝ። ወደ ድረ ገጽ የሚመሩ ኮዶች በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ጥቁር ሥዕል ብቻ ሆነው ቀሩ። ስምና ስልክ በውስጣቸው የያዙት ግን ከካሜራ በቀር የሚፈልጉት ነገር ስለሌለ እንደ ወትሮው ሠሩ። ይህ መመሪያ የሚያሳየው እንዲህ ዓይነቱን ካርድ ከመጀመሪያው ሐሳብ እስከ ማተሚያው ድረስ እንዴት እንደሚሠሩ ነው።

ኮዱ ምን እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ

ብዙ ሰው ኪውአር ኮድ ማለት የኢንተርኔት አድራሻ ይመስለዋል። አይደለም። ኮዱ በጥቁርና በነጭ ካሬዎች የተጻፈ ጽሑፍ ነው። የሠራው ዴንሶ ዌቭ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1994 ነበር። ማሳሂሮ ሃራ የመሩት ቡድን ያሰበው የመኪና ዕቃዎች በፋብሪካ ውስጥ በፍጥነት እንዲለዩና ምልክቱ በዘይት ቢቆሽሽም እንዲነበብ ነው። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ለክፍያ ስላልተጠቀመበት ዛሬ ማንም ሰው ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ይሠራዋል። እንግዲህ ኮድ ስለ ሠራሁላችሁ በየወሩ ክፈሉ የሚል ሰው የሚያስከፍለው ለኮዱ ሳይሆን በመሐል ላስገባው የራሱ ድረ ገጽ ነው።

በገበያው ላይ «ስታቲክ» እና «ዳይናሚክ» የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ያገኛሉ። ስታቲክ የሚባለው ውስጥ የጻፉት ነገር እንዳለ ተቀምጧል፤ ወረቀቱ እስካለ ድረስ ይነበባል። ዳይናሚክ የሚባለው ውስጥ ያለው የአገልግሎት ሰጪው አጭር አድራሻ ብቻ ነው። ስካን ያደረገው ሰው መጀመሪያ ወደ እነርሱ ይሄዳል፤ እነርሱ ደግሞ ወደ እርስዎ ይልኩታል። ጥቅም የለውም አልልም፤ ካርዱ ከታተመ በኋላ ስልክ ቁጥርን ለመቀየርና ስንት ሰው ስካን እንዳደረገ ለማወቅ ያስችላል። ለትልቅ ድርጅት ይህ ቁም ነገር ሊሆን ይችላል። ቢቸና ላይ ጤፍ ለሚነግድ ወይም ቡሬ ላይ ጋራዥ ለከፈተ ሰው ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

በኮዱ ውስጥ የሚገባውን በወረቀት ይጻፉ

ኮምፒውተሩ ዘንድ ከመቅረብዎ በፊት ደንበኛዎ ካርዱን ስካን ሲያደርግ ምን እንዲሆን እንደሚፈልጉ ይወስኑ። የእኔ ምርጫ ስምና ስልክ በቀጥታ ወደ ስልኩ የስም ዝርዝር እንዲገባ ማድረግ ነው። ይህ የሚጻፍበት ሥርዓት ቪካርድ ይባላል፤ የአንድሮይድም የአይፎንም ስልኮች ያውቁታል። ሰውየው ካሜራውን ሲያቀና «ወደ ስም ዝርዝር ይጨመር?» የሚል ይወጣለታል፤ አንድ ጊዜ ይነካል፤ አለቀ።

የቴሌግራም ቻናል ያላቸው ነጋዴዎች ኮዱ ወደ ቻናላቸው እንዲወስድ ይፈልጋሉ። በየቀኑ አዲስ ዕቃ ፎቶ ለሚለጥፍ የልብስ ነጋዴ እውነትም ይህ ይሻላል። ቢሆንም የቻናሉን አድራሻ በቀጥታ ያስገቡ፤ አድራሻ በሚያሳጥር ድረ ገጽ በኩል አያሳልፉት። ሁለቱንም ከፈለጉ አንዱን በካርዱ ፊት፣ ሌላውን በጀርባው ያድርጉ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ኮዶች ካሜራውን ያደናግሩታል፤ የቱን እንደሚያነብ እርስዎ መወሰን አይችሉም። የቴሌብርም ሆነ የባንክ መክፈያ ኮድ በቢዝነስ ካርድ ላይ ባይወጣ ይሻላል። እርሱ ቦታው ሱቅ ውስጥ ገንዘብ መቀበያው አጠገብ ነው።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ፤ በጣም የሚሳሳቱበት እዚህ ላይ ነው። ቪካርድ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው አገሮች ስለሆነ ቅጹ ስምንና የቤተሰብ ስምን ለየብቻ ይጠይቃል። የአባትዎን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ከጻፉ አንዳንድ ስልኮች በእርሱ ይደረድሩታል፤ ደንበኛዎም በእርስዎ ስም ሲፈልግዎ በአባትዎ ስም ፊደል ሥር ተደብቀው ይገኛሉ። ስለዚህ ስምዎንም የአባትዎንም ስም በአንድ ላይ በመጀመሪያው ቦታ ይጻፉ፤ ሁለተኛውን ባዶ ይተዉት። «አቶ»፣ «ወይዘሮ»፣ «ዶክተር» የሚሉትን በታተመው ጽሑፍ ላይ ያድርጓቸው እንጂ ወደ ኮዱ አያስገቡ፤ ያለበለዚያ የአቶዎች ሁሉ ስም አንድ ቦታ ይከማቻል።

ከስሙ ቀጥሎ ሥራዎንና ከተማዎን ይጨምሩ። እኛ አገር ሰው የሚመዘገበው በሥራው ነው፤ የማንኛችንም ስልክ ቢከፈት እገሌ ጋራዥ፣ እገሊት ቅቤ፣ እገሌ ቧንቧ የሚል ሞልቶበታል። ቪካርድ ለድርጅት ስም የተለየ መስመር አለው፤ ነገር ግን ስልክ ሲደወል በጉልህ የሚታየው የስሙ መስመር ነው። በመሆኑም ለዳንግላው ነጋዴ በስሙ መስመር ላይ ስማቸውን ከአባታቸው ስም ጋር ጽፌ «የዳንግላ ማር» የሚል አስከተልሁበት። ሲደውሉ ደንበኛው ማን እንደሆኑ ወዲያው ያውቃል።

ስልክ ቁጥሩ በመደመር ምልክትና በ251 ይጀምር፤ የመጀመሪያው ዜሮ ይውደቅ። 09 ወይም 07 ብለው የሚጀምሩ ቁጥሮች 9 ወይም 7 ሆነው ከ251 በኋላ ይቀጥላሉ፤ በ058 የሚጀምር የቢሮ ስልክም እንዲሁ 58 ይሆናል። እንዲህ የተጻፈ ቁጥር ከደብረ ማርቆስም ከዋሽንግተንም ሲደወልበት ይሠራል። በታተመው ጽሑፍ ላይ ግን የተለመደውን 09 ይተዉት፤ ሰው ቁጥርን የሚያነብበው በለመደው መልክ ነው።

አድራሻ ኮዱ ውስጥ እንዲገባ አልመክርም። እዚህ አካባቢ ቤት የሚገኘው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሳይሆን በመናኸሪያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በባንኩ ነው። «ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከፋርማሲው ጎን» የሚለው በካርዱ ላይ በፊደል ቢታተም ይበቃል። ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያን በመሰለ ሱቅ ከሱቅ በተጠጋጋበት ቦታ ላይ ከሆኑ የጉግል ካርታ የሚሰጠውን ፕላስ ኮድ ከሥር ይጨምሩበት። ጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች ብቻ ነው፤ ከስልክ ላይ መተየብም ቀላል ነው።

የግእዝ ፊደል የሚይዘው ቦታ

ኮዱ ውስጥ የሚገባው ጽሑፍ ሲረዝም ካሬዎቹ ይበዛሉ፤ ካሬዎቹ ሲበዙ ይደቅቃሉ፤ ሲደቅቁ ደግሞ ካሜራ አያነብባቸውም። ሁሉ ነገር የሚያርፈው በዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ስሌት ብናደርግ አይከፋም።

ግእዝ ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው፤ በተለመደው አቀማመጥ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ባይት ኮምፒውተር የጽሑፍን መጠን የሚለካበት ነው። የላቲን ፊደል የሚይዘው 1 ባይት ብቻ ነው። ይህን ሰምተው አንዳንድ ዲዛይነሮች ስም ሁሉ በላቲን ካልተጻፈ ይላሉ። ነገሩ ግን እነርሱ እንደሚሉት የከፋ አይደለም፤ የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም በአንድ ይይዛልና። «ደብረ ማርቆስ» በግእዝ ፊደል 22 ባይት ነው፤ በላቲን ሲጻፍ 12 ባይት ይሆናል። ልዩነቱ ሁለት እጥፍ እንኳን አይሞላም። ደንበኛዎ ስምዎን በአማርኛ የሚጽፍና የሚፈልግ ከሆነ በአማርኛ ይሁን፤ የራስን ስም በራስ ፊደል ማየት ለ10 ባይት ተብሎ የሚቀር ነገር አይደለም። የአማርኛ መጻፊያ ለሌላቸው የውጭ እንግዶች የምትሠሩ፣ ለምሳሌ በዘጌ ገዳማት አስጎብኚ የሆናችሁ፣ በላቲን ብታደርጉት ይሻላችኋል።

የዳንግላውን ነጋዴ ካርድ እንውሰድ። በስሙ መስመር ላይ 15 ፊደልና 3 ክፍት ቦታ አለ፤ 48 ባይት ማለት ነው። ቪካርድ ስምን ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ 96 ይሆናል። አንድ ስልክ ቁጥርና ሥርዓቱ ግድ የሚላቸው መስመሮች 62 ገደማ ይጨምራሉ፤ በድምሩ 160 ባይት አካባቢ ነው። በመካከለኛ የስህተት ማረሚያ ደረጃ (ምንነቱን ቀጥሎ እናያለን) ይህን የሚይዘው ኮድ በጎን 53 ካሬ አለው። ሁለተኛ ስልክ፣ ኢሜይል፣ ድረ ገጽና ረጅም አድራሻ ጨምረው 320 ባይት ቢያደርሱት በጎን 69 ካሬ ይሆናል።

ስህተት ማረሚያ የሚባለው ኮዱ ቢፋቅ ወይም ቢቆሽሽ የጠፋውን መልሶ የማውጣት አቅም ነው። አራት ደረጃ አለው፤ 7፣ 15፣ 25 እና 30 በመቶ ገደማ የሚሆን ጉዳት ይችላሉ። ለተራ ካርድ 15ቱ፣ ከላይ መካከለኛ ያልሁት፣ ይበቃል። ለማርና ለቅቤ ነጋዴ፣ ለመካኒክ፣ ካርዱ በሥራ እጅ ለሚነካ ሰው ሁሉ 25ቱን እመርጣለሁ፤ የዳንግላው ኮድ በዚህ ደረጃ 61 ካሬ ሆነ። ሦስቱን የማዕዘን ትልልቅ ካሬዎች ግን የትኛውም ደረጃ አያድናቸውም፤ ካሜራው ኮዱን የሚያገኘው በእነርሱ ነው። በመሐል አርማ የሚያስቀምጡም አሉ። ይህ የሚሆነው ሆን ብሎ ኮዱን በመጉዳትና ማረሚያው እንዲጠግነው በመተው ነው። ለቆሻሻና ለእጥፋት የተጠበቀውን አቅም ለጌጥ ማዋል ስለሆነ አርማዎን ከኮዱ ውጭ ያድርጉት።

ኮዱን መሥራት

በየከተማው ያሉ ማተሚያ ቤቶች የሚጠቀሙባቸው ኮረልድሮውና አዶቤ ኢንዲዛይን የሚባሉት የዲዛይን ፕሮግራሞች ኪውአር ኮድ መሥሪያ በውስጣቸው አለ። በኢንዲዛይን «ኦብጀክት» በሚለው ዝርዝር ውስጥ «ጀነሬት ኪውአር ኮድ» ይባላል፤ ቢዝነስ ካርድ የሚል አማራጭም አለው። ኢንክስኬፕ የተባለው ነጻ ፕሮግራምም «ኤክስቴንሽንስ» ከሚለው ውስጥ «ሬንደር»፣ ከዚያም «ባርኮድ» ሲሉ ያገኙታል፤ ለቴሌግራም ወይም ለድረ ገጽ አድራሻ በጣም ይመቻል። የእነዚህ ትልቁ ጥቅም ያለ ኢንተርኔት መሥራታቸውና በመሐል ማንም የማይገባ መሆኑ ነው።

በድረ ገጽ ላይ ከሠሩ «ስታቲክ» እና «ቪካርድ» የሚሉትን ይምረጡ። ለማውረድ ኤስቪጂ ወይም ፒዲኤፍ የሚሉትን የፋይል ዓይነቶች ይምረጡ። ኢሜይልዎን ወይም የባንክ ካርድዎን አስቀድሞ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠመዎት ይተዉት፤ ስታቲክ ኮድ ለመሥራት መመዝገብ አያስፈልግም።

ኮዱ እንደ ወጣ ከኮምፒውተሩ ገጽ ላይ በስልክዎ ያንብቡት። ሦስት ነገር ይመልከቱ። መጀመሪያ፣ የወጣው የራስዎ ስምና ስልክ ነው ወይስ የማያውቁት አጭር አድራሻ? አድራሻ ከወጣ ዳይናሚክ ኮድ ተሰጥቶዎታል፤ ይጣሉት። ሁለተኛ፣ አማርኛው በትክክል ይነበባል? በፊደሎቹ ፋንታ የጥያቄ ምልክቶች ወይም ባዶ ሳጥኖች ከወጡ የሠራው ፕሮግራም የእኛን ፊደል አያውቅም፤ ሌላ ይሞክሩ። ሦስተኛ፣ ቁጥሩን ከዚያው ከተመዘገበው ስም ላይ ይደውሉለት። በዓይን ማመሳከር አይበቃም። አንድ አኃዝ የተዛነፈበት ካርድ ከታተመ በኋላ ሲገኝ አይቻለሁ፤ የባለ ካርዱ ሐዘን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

መጠኑና ቦታው

ብዙ ሰው ኮዱን በካርዱ ጥግ ላይ እንደ ማኅተም አሳንሶ ያስቀምጠዋል። የእኔ መለኪያ እንዲህ ነው፦ በኮዱ ጎን ያሉትን ካሬዎች ይቁጠሩ፣ 8 ይደምሩ፣ በ0.4 ሚሊ ሜትር ያባዙ። የሚደመረው 8 በግራና በቀኝ አራት አራት ካሬ የሚሆን ነጭ ዳርቻ ነው፤ እርሱ ከሌለ ካሜራው ኮዱ የት እንደሚጀምር አያውቅም። 53 ካሬ ያለው ኮድ በዚህ ስሌት 2.4 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። 61 ካሬ ያለው 2.8፣ 69 ካሬ ያለው ደግሞ 3.1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የቴሌግራም አጭር አድራሻ 25 ካሬ ብቻ ስለሚሆን በስሌቱ ከ1.4 በታች ይወጣል፤ ቢሆንም ከ2 ሴንቲ ሜትር አያሳንሱት። የርካሽ ስልክ ካሜራ በጣም ሲቀርብ አጥርቶ አያይም፤ ትንሽ ኮድ ደግሞ ሰውየውን እንዲቀርብ ያስገድደዋል። ከኮዱ ስፋት እስከ አሥር እጥፍ ርቀት ድረስ ይነበባል ብለው ያስቡ፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 25 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህም ካርድ በእጅ ሲያዝ የሚመጣው ርቀት ነው።

የተለመደው ካርድ 9 በ5 ወይም 8.5 በ5.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ይህን ያህል ኮድ ከስምና ከስልክ ጋር በአንድ ገጽ ሲሆን ይጨናነቃል። ጀርባውን ለኮዱ ይስጡት። ከመቁረጫው ጠርዝ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ መቁረጫ ቢላዋ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይስታል፣ የቆረጠውም ነጩን ዳርቻ ነው።

ከኮዱ ሥር አንድ መስመር ይጻፉ። «የስልክዎን ካሜራ ወደዚህ ያቅኑ፤ ስልክ ቁጥሬ ይመዘገብልዎታል» የሚል ይበቃል። ይህን የማይጽፍ ሰው ኮዱን ለሚያውቁት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ገበያ ላይ የሚያገኟቸው ግን ሁሉም አያውቁትም። የታተመውን ስልክ ቁጥር በኮዱ ምክንያት ማሳነስ ወይም ማውጣትም አይገባም። ካሜራ የሌለው ስልክ የያዘ ገበሬ ነው አንዳንዴ ትልቁ ደንበኛ።

ቀለምና ወረቀት

ጥቁር በነጭ ላይ ይሁን። ጥልቅ አረንጓዴ፣ ጥልቅ ቡናማ፣ ጥልቅ ሰማያዊ እንደ ጥቁሩ ይነበባሉ፤ ቢጫ፣ ወርቃማና ፈዘዝ ያለ ቀለም ግን በነጭ ላይ ለካሜራ አይታዩም። ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ አድርጎ መገልበጥም አንዳንድ ስልኮችን ያስቸግራል። ጥቁሩ ከአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ተደባልቆ ሳይሆን ከጥቁሩ ብቻ መቶ በመቶ እንዲሆን ለዲዛይነሩ ይንገሩት። ተደባልቆ ሲታተም አንዱ ቀለም ጥቂት ቢንሸራተት የካሬዎቹ ጠርዝ ይደበዝዛል።

ጥለት የምንወድ ሰዎች ነን። የሐበሻ ልብስ ጥለት በካርድ ጠርዝ ላይ ሲሮጥ ማየት ደስ ይለኛል፤ ብዙ ካርድም እንዲህ ሠርቻለሁ። ነገር ግን ጥለት ራሱ የካሬና የመስቀል ድርድር ስለሆነ ወደ ኮዱ ሲጠጋ ካሜራው አንዱን ከሌላው መለየት ይቸግረዋል። ጥለቱ በፊት ገጽ ላይ ይድመቅ፤ በጀርባው ኮዱ ብቻውን በነጭ ላይ ይቀመጥ።

ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ቢሆን መልካም ነው። ላሚኔሽን (ስስ የፕላስቲክ ሽፋን) ካስፈለገ የማያንጸባርቀውን፣ ማት የሚባለውን ይምረጡ። የሚያንጸባርቀው በፀሐይ ላይ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ገበያ ደግሞ በፀሐይ ነው የሚውለው።

ፋይሉን መላክ

ብዙ ጥሩ ኮድ የሚበላሸው በመንገድ ላይ ነው። ሰው ኮዱን ስክሪንሾት አንሥቶ በቴሌግራም በፎቶ መልክ ይልከዋል፤ ቴሌግራም ፎቶን ጨምቆ ስለሚልክ የካሬዎቹ ጠርዝ ይደፈርሳል። ዲዛይነሩ ደግሞ ያንኑ ጎትቶ ያሰፋዋል። ሲልኩ «ፋይል» የሚለውን መርጠው ይላኩ፤ ፋይሉም ኤስቪጂ ወይም ፒዲኤፍ ይሁን። እነዚህ ቢሰፉም ቢጠቡም ጠርዛቸው አይደበዝዝም። ፎቶ ብቻ ካለዎት በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) መሙላቱን ዲዛይነሩ ይመልከት። ኮዱን ወደ አንድ ጎን ብቻ እንዳይለጥጠውም ይጠንቀቅ፤ ካሬው ካሬ ሆኖ ይቅር።

ከመታተሙ በፊት መሞከር

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንድ ካርድ ብቻ በሚታተምበት ወረቀት፣ በሚታተምበት ማሽን፣ በእውነተኛ መጠኑ ያስወጡ፤ ላሚኔሽን ካለውም ያልብሱት። በቢሮ ፕሪንተር በተራ ወረቀት የወጣ ናሙና ስለ መጨረሻው ካርድ የሚነግርዎት ጥቂት ነው።

ከዚያ የስልኩን ዳታና ዋይፋይ ዘግተው ያንብቡት። ለእኔ ይህ ፈተና ከሁሉም ይበልጣል፤ ስምና ስልኩ ያለ ኢንተርኔት ከወጡ ኮዱ በእውነት የእርስዎ ነው። ቀጥሎ በአይፎን፣ በሳምሰንግና ዋጋው ዝቅ ባለ አንድ አንድሮይድ ይሞክሩት። አይፎን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ በራሱ ካሜራ ያነብባል። አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ግን ካሜራው ዝም ይላል፤ ከላይ ወደ ታች ሲጎትቱ የሚወጣው የኪውአር ማንበቢያ ምልክት ያስፈልጋቸዋል። በጠራራ ፀሐይ፣ በምሽት በአምፖል ብርሃን፣ ካርዱን ጥቂት አዘንብለውም ይሞክሩ። ጣትዎን ቅቤ ነክተው አንዱን ጥግ ያቆሽሹትና እንደገና ያንብቡት። ቤትዎ ውስጥ ካሉት ሁሉ ለቴክኖሎጂ ሩቅ ለሆነው ሰው ካርዱን ሰጥተው ምንም ሳይናገሩ ይመልከቱ፤ እርሱ የቆመበት ቦታ ላይ ነው ከኮዱ ሥር ያለው ጽሑፍ መስተካከል ያለበት።

በዚህ ካለፈ ይታተም፤ ግን በመጀመሪያው ዙር 100 ይብቃዎት። ስታቲክ ኮድ ከታተመ በኋላ አይቀየርም፤ ስልክ ቁጥር ከቀየሩ ካርዱም ይቀየራል። ስለዚህ ካርድ የሚያሠሩበት ቁጥር ከእጅዎ የማይወጣው ይሁን፤ የሠራተኛዎን ወይም ለጊዜው የያዙትን ሲም አያስገቡ። የኮዱን ኤስቪጂ ፋይልና በውስጡ የጻፉትን ጽሑፍ በራስዎ ኢሜይል ላይ ያስቀምጡ። ማተሚያ ቤት ኮምፒውተሩ ሊበላሽበት፣ ዲዛይነሩም ሥራ ሊለቅ ይችላል። የዳንግላው ማር ነጋዴ ፋይላቸውን በልጃቸው ስልክ ላይ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ካርዳቸው ባለቀ ቁጥር ከእኔ የሚፈልጉት ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው።